የኤርጉን የቃል ፈተና

ኢስታንቡል ውስጥ ምህንድስና ሲማር የቆየው ኤርጉን የእንግሊዝኛን ሰዋስው እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ሕጉን በሰንጠረዥ፣ ሰንጠረዡን በሦስት ቀለም ጽፎ ይዟል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አይናገርም። «እንዴት ነህ?» ሲሉት መልሱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ከዚያ ያነባል። ጠያቂው እስከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል።

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የቋንቋ ትምህርት ቤት የምታስጠናው የደሴዋ ሀሲባ ዛሬ ጭንቅ ላይ ናት። ኤርጉን ከሰዓት በኋላ የቃል ፈተና አለው። ከወደቀ ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእሷም ነው። የልጅነት መምህሯ በስህተት ቁጥር መዳፏን በማስመሪያ ይመቷት ነበር። ማስመሪያውን ትታ ልማዱን ይዛው መጣች፤ ልጁ ትንፍሽ ባለ ቁጥር ታርመዋለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ፈተናው አንድ ሰዓት ሲቀረው ልጁ ደብተሩን ገልብጦ ይዞ ሲያጠና አየችና አንጀቷን በላት። ሻይ ላፍላለት ብላ አንድ ስኒ ውሃ ከነሻይ ከረጢቱ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተች።

ኤርጉን ከወንበሩ ተነሣ።

«ሆጃም፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ። አገሩ መምህር የሚከበረው በዚህ ቃል ነው።

«ሻይ ነዋ። ሁለት ደቂቃ።»

«ይሄ ሻይ አይደለም፤ የዕቃ እጣቢ ነው። ሻይ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ በእንፋሎት። እናቴ ይህን ብታይ ትታመማለች። ጎረቤት ትጠራለች። አክስቴም ትመጣለች!»

ደብተሩን ረስቶታል። በእንግሊዝኛው ትናንትና ከነገ ተደባልቀው፣ ግሱ ከቦታው ተፈናቅሎ፣ ክንዱ እየተወራጨ ቀጠለ። ሀሲባ ምላሷን በላት። ዘጠኝ ስህተት ቆጥራለች። አንዱንም አላረመችም።

ድንገት ቆም አለና ፊቱ ገረጣ። «ተሳሳትኩ እንዴ?»

እሷም ልጅ ሳለች እንዲሁ ነበር የምትፈራው። ልቧ ተነካ።

«እኔ እንጃ፣ አላስተዋልኩም» ብላ ዋሸች። «አክስትህ መጥታስ?»

ሰዓቱ እስኪደርስ ስለ አክስቱ አወራላት።

ፈተናው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሠላሳ ሆነ፤ በሩ አልተከፈተም። ሀሲባ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የጨረሰችውን ዱዓ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ፈታኟ ወጣች። ከውስጥ የኤርጉን ድምፅ አሁንም ይሰማል።

«አልፏል» አለች ፈታኟ በደከመ ድምፅ። «ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። እባክሽ ግቢና አስቁሚልኝ።»