በዓል ያልቆጠረ ዕቅድ

የቢቸናዋ ስንቄ ነገር ሳይበላሽ መበላሸቱ የሚታያት ሴት ናት። ደመና ካየች በረዶ ነው፤ ስልክ ከጠራ መርዶ ነው። ስለዚህ አንድ የሞጣ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ አርባ ዩኒፎርም እንዲሰፉለት ሲያዝዛቸው፣ ባልደረቦቿ ዘሪቱና ዘሚራ ሲስቁ እሷ የሚበላሸውን ትቆጥር ጀመር። ሦስቱ ሴቶች በእሷ ሳሎን ሦስት የስፌት መኪና ደቅነው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልመጣላቸውም። ርእሰ መምህሩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ካላማራቸው ለባሕር ዳር ልብስ ሰፊዎች ይሰጡታል።

ዕቅዱን ያወጣችው ልጇ ወይንእሸት ናት። አዲስ አበባ በአንድ የኮምፒውተር ድርጅት ትሠራለች፤ እዚያ አጃይል የሚሉት ዘዴ አለ። ሥራው በአንድ ጊዜ አይጎረስም። በሁለት በሁለት ሳምንት ዙር ይከፈላል፤ በየዙሩ መጨረሻ ያለቀው ላዘዘው ሰው ይታያል፤ እሱ ባለው መሠረት የሚቀጥለው ይስተካከላል። ወይንእሸት ግድግዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረች፤ ያልተጀመረ፣ የተያዘ፣ ያለቀ። በየዓምዱም ሥራው የተጻፈበት ቢጫ ወረቀት የሚለጠፍ ሆነ። በየጠዋቱ ከግድግዳው ፊት ቆመው የሠሩትን፣ የሚሠሩትንና ያስቸገራቸውን እንዲነጋገሩ ነገረቻቸው።

«ቆመን?» አለች ዘሪቱ። «ቅዳሴ ነው እንዴ ልጄ?»

«ቁጭ ካላችሁማ ወሬው አያልቅም፣ እትዬ ዘሪቱ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

የመጀመሪያው ዙር ሰኞ ሐምሌ ሃያ ይጀምራል። አሥር የሥራ ቀን፣ በቀን ስምንት፣ ሰማንያ ዩኒፎርም። «ይሆናል?» አለች ወይንእሸት። ሁሉም እሺ አሉ። ልጅቱም የራሷን ሥራ ልትጨርስ በዚያው ዕለት ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች።

ስንቄ ግን የሰኞ ማግስት ማርያም መሆኗ አልጠፋትም። ሐሙስ ጊዮርጊስ ነው። ከዚያ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ ልደታ ይከተላሉ። በእነዚህ ቀናት በእነ ስንቄ ቤት መርፌ አይነካም፤ ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ። ይህን ለዚህች አገር ልጅ መንገር፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ እንደመንገር መሰላት። ቆጥራው ይሆናል አለች በልቧ። ዘሪቱም ስንቄ ለልጇ የነገረቻት መስሏት አላነሣችውም።

ወይንእሸት አልቆጠረችም። አምስት ዓመት በቢሮ ቀን ስትኖር፣ ሳምንት ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆኖባታል። ስንቄ ይህን የተረዳችው በስልክ ነው፤ ያውም በጊዮርጊስ ቀን፣ «ዛሬስ ስንት ሰፋችሁ?» ስትላት። «እየሄደ ነው» አለቻት። በበነጋውም፣ ከዚያም ወዲያ ይህንኑ ደገመችው።

እሑድ ነሐሴ ሦስት ወይንእሸት ተመልሳ ያለቀውን ቆጠረች። ሠላሳ ሰባት።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መንገድ ላይ ሆነሽ ባስደነግጥሽስ? ብትጋጭስ መኪናዋ?»

«አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ እኮ።»

«ቢሮም ሰው ይወድቃል።»

ሙስሊሟ ዘሚራ ከጥግ ብድግ አለች። «እኔማ በማርያምም በጊዮርጊስም መጥቼ ነበር። በሩ ተዘግቶ አገኘሁትና ተመለስኩ።»

ስንቄ ዞር አለች። «ታዲያ አታንኳኪም?»

«በዓላችሁ ነዋ። ልስፋ ብል ነውር መሰለኝ።»

«አራታችንም በጨዋነት ልናልቅ ነው» አለች ዘሪቱ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ለርእሰ መምህሩ ማሳየቱ ይቅር። ክረምት ነው፣ ደብረ ወርቅ ላይ ጭቃው መንገድ ዘጋ በሏቸው። ጳጉሜን ላይ እንደምንም እንደርሳለን።»

ስንቄም ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሄዳ ሠላሳ ሰባት ብታሳይ ሰውየው ሥራውን ይነጥቋታል፤ ይህ በዓይኗ ይታያታል። ግን ዓይኗ ልማዱ ነውና በዚያ አላቆመም። መስከረም ታያት፤ በአሮጌ ልብስ የተሰለፉ ሕፃናት፣ በር ላይ የቆሙ ወላጆች፣ «የቢቸና ሴቶች አታለሉን» የሚል ወሬ። ያኛው ክፉ ከዚህኛው ክፉ ይብሳል። ተነሥታ ከግድግዳው ላይ ወረቀቶቹን ሁሉ ነቀለች።

«ወይንእሸት፣ እርሳስ አምጪ። መጀመሪያ በዓላቱን ጻፊ። ዘሚራ፣ ቁልፉን እንቺ፤ እኛ በዓል ስናከብር አንቺ ክፈቺ፤ ዓርብ ዓርብ አንቺ ዕረፊ። አሁን ቁጠሪ ልጄ፤ በዙር ስንት ይወጣል?»

ወይንእሸት ደጋግማ ቆጠረች። «ሃምሳ። ካለቀው ሠላሳ ሰባት ጋር እስከ ጳጉሜን ማብቂያ መቶ ሃምሳ።»

«እሱን እነግራቸዋለሁ።»

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ሞጣ ገባች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አንዱን ዩኒፎርም አንሥተው ስፌቱን ገለበጡ፤ እጅጌውንም በመዳፋቸው ለኩ።

«አጭር ነው። ልጅ በዓመት ስንት እንደሚያድግ አታውቁም?»

«ሁለት ጣት እናስረዝማለን። የምንፈታው ሠላሳ ሰባት ብቻ ነው፤ የቀረው ገና አልተቆረጠም።»

«ሰማንያ ነበር የተባለው፣ ወይዘሮ ስንቄ።»

ስንቄ ዩኒፎርሙን ተቀብላ አጠፈችው። «ተሳስተን ነው። በዓሉን ሳንቆጥር ቃል ገባን። ሁለት መቶ አርባው ለመክፈቻ አይደርስም። መቶ ሃምሳ ይደርሳል። ትልልቆቹ የአምናውን ይለብሳሉ፤ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ግን የሚለብሱት የላቸውም። ከእነሱ እንጀምር፤ የቀረውን በጥቅምት።»

ርእሰ መምህሩ ተነሥተው ዝናብ የሚገባበትን መስኮት ዘጉ። እሷ በልቧ የመልስ አውቶቡሱን ሰዓት ማሰብ ጀምራለች።

«የባሕር ዳሮቹ ሁሉንም እናደርሳለን ይላሉ» አሉ።

«ይላሉ። እኛም ብለን ነበር።»

ሰውየው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «መቼ ነው ደግሞ የምታሳዩኝ?»

«ነሐሴ ዐሥራ ስምንት፣ ሰኞ። ሃምሳ ይዤ እመጣለሁ።»

«ሃምሳው ባይሞላስ?»

ባይሞላስ የሚለውን ከቢቸና እስከ ሞጣ ስትጠይቀው ነው የመጣችው።

«ባይሞላ የሞላውን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ አይተው ይፍረዱ።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መሳቢያቸውን ከፍተው የአንደኛ ክፍል ተመዝጋቢዎችን ስም ዝርዝር አወጡና ሰጧት።