የግማሽ ቀን ሥራ

ተሳቢው የሚሉት ሰው በካሮቱ መደብ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከአንድ የአረም ሥር ጋር ግብግብ ገጥሟል። ሥሩ እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። አንዱ ጫፍ በተሳቢው እጅ ነው፤ ሌላኛውን ጫፍ ግን ከምድር ወዲያኛው ፊት ያለ ጉልበተኛ ይዞት ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ይጎትታል፤ ሥሩም በተራው ሰውየውን ይጎትታል። ወገቡ ደግሞ ጌታውን ከድቶ ከሥሩ ጋር ወግኗል።

በርጩማ ላይ የተቀመጠው ለምቾት አይደለም። ሐኪሙ የጀርባውን ራጅ ብርሃን ላይ አንስቶ ካየ በኋላ ሁለት ነገር ከልክሎታል፤ መሪ መጨበጥንና ማጎንበስን። መሪው ልቡን ሰበረው እንጂ ለመተው አልከበደውም። መኪናውን ሌላ ሹፌር ተረከበ፣ አለቀ። ማጎንበስን ግን ማን ይረከብለት? ለካ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ሥራ ሁሉ የሚገኘው ከጉልበት በታች ነው። የወለሉ ጨርቅ፣ የአልጋ ሥር አቧራ፣ የወደቀ ማንኪያ፣ የልብስ መዘፍዘፊያው ሳፋ፣ አረሙ። ሚስቱ እስክትሄድ ድረስ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ተሳቢ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበረ ብቻ አይደለም። አንድ ወሬ ሲጀምር ከኋላው ሌላ ትልቅ ወሬ ስለሚጎትት ነው። ጎማ ፈንድቶበት የቆመበትን ታሪክ ሲያወራ አድማጭ ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ጎማው ገና ከመፍቻ ጋር አልተገናኘም።

ሚስቱ ልጃቸው መንታ ስትወልድ ልታርሳት ወደ ሩቅ ከተማ የሄደች ዕለት፣ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ እርግጠኛ ነህ? አትክልቱ አለ፣ እጥበቱ አለ። ውሃው ደግሞ ሲያሰኘው ነው የሚመጣው።"

"ስሚ፣" አላት፣ "ሙሉ ጭነት ይዤ፣ በጭጋግ፣ በገደል አፋፍ፣ ከነተሳቢው ወደ ኋላ የነዳሁ ሰው ነኝ። ቤት ምን አለው? ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይልቅ ከምሳ በኋላ ምን እየሠራሁ እንደምውል ንገሪኝ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አመሻሹ ላይ ትደውላለች፤ እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ሪፖርት ያቀርባል። ወለሉ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ልብሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በየቀለሙ ተደርድሯል። አትክልቱን መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል። አንድ ቀን "እስቲ ጎመኑን አሳየኝ" ብትለው በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የጎረቤቱን ጥቅል ጎመን ፎቶ አነሳና ላከላት። ጎመኑ እውነትም የሚያኮራ ነበር። ከከባድ መኪና ጎማ ቢያንስ በጥቂት ነው። መጀመሪያ የዋሸው ለጉራ ነበር። ቀጥሎ እንዳትጨነቅ ብሎ ዋሸ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የትናንቱ ውሸት ብቻውን እንዳይቆም እያዘነለት ዋሸ።

የግቢው እውነት ሌላ ነው። ሣሩ አጥሩን አልፎ መንገደኛ ሰላም ማለት ጀምሯል። ዱባው ከተተከለበት ጥግ ተነስቶ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ተሻግሮ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ገብቷል። ተሳቢው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አንድ ሰፊ ቅጠል እንደ አጽናኝ ዘመድ ትከሻው ላይ ያርፍበታል። ቀንድ አውጣዎቹ ሰላጣውን ጨርሰው ቲማቲሙ ላይ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ሳሎን ውስጥ ያለውን የልብስ ክምር ተራራ ማለት ተራራን ማቃለል ነው። ካናቴራ ፍለጋ የሚወጣበት ሰው ስንቅ ቢቋጥር ይሻለዋል።

ጉዱ ደግሞ ሰውየው አለመስነፉ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ይሠራል። ሳህኑን ሲያጥብ ልብሱ ይቆሽሻል፤ ልብሱን ሲዘፈዝፍ አረሙ ይበቅላል፤ አረሙን ነቅሎ ሲገባ የጫማው ጭቃ ትናንት የወለወለውን ወለል ያበላሻል። መንገድ ቢሆን በሄዱ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ይቀንሳል። ይህ ግን የሄዱትን ያህል መድረሻው የሚሸሽ መንገድ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሚስቱ ትመጣለች። ቅዳሜ ላይ ያ ሁሉ ሪፖርትና ይህ ሁሉ ግቢ ፊት ለፊት ሊገናኙ ነው።

"አንተ ተሳቢው!"

ጎረቤቱ ናት፤ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ነርስ። አጥሩ ላይ በክርኗ ተደግፋ ታየዋለች።

"ሣሩን ወይ እጨደው ወይ ለከብት አርቢ አከራየው እንጂ! ምን ልታደርገው ነው?"

"ሆን ብዬ ነው የተውኩት እትዬ። አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ።"

"እርጥበትስ ይዟል። ትናንት ድመቴ ገብታ መውጫው ጠፍቷት፣ ሰው ጠይቃ ነው የተመለሰችው።"

"ድመትሽ ድሮም ዙረታም ናት።"

"እሺ እሷስ ዙረታም ትሁን። ጎመኔስ እንዴት ነው? በስልክ እያሳደግከው ነው አሉ።"

ተሳቢው ሥሩን ለቀቀው። "ማን አለሽ?"

"ሚስትህ ናታ! ደውላ 'ባሌ ያሳደገውን ጎመን አየሽልኝ?' ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።"

"ታዲያ ምን አልሻት?"

"ያምራል አልኳት። የራሴ ጎመን ነው፣ አልዋሸሁም። ግን እወቀው፣ ቅዳሜ ስትመጣ እኔ የለሁበትም።"

"እስከ ቅዳሜማ ይህን ግቢ ቤተ መንግሥት ካላደረግኩት ምን አለ በይኝ።"

"እሱን ተወውና፣ ቤትህ ውስጥ የሚንፏፏው ምንድን ነው?"

ተሳቢው ጆሮውን አቀና። ውሃ ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ሲመጣ ድምፁን እሰማለሁ ብሎ የቤቱን ቧንቧ በሙሉ ከፍቶ ነው የወጣው። የማድ ቤቱ ገንዳ መውረጃ በምግብ ትርፍ መደፈኑን፣ የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ በተዘፈዘፈ አንሶላ መታፈኑን አላሰበም። ውሃው የመጣው ደግሞ እሱ ከሥሩ ጋር ሲታገል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ነበር።

ተነስቶ ሮጠ። ሮጠ ማለት እንኳ ለሰውየው ክብር ነው፤ እንደተጫነ መኪና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ወጣው። በሩን ሲከፍት ውሃው ሊቀበለው ወጣ። ኮሪደሩ ወንዝ ሆኗል። አንድ ነጠላ ጫማ ወደ ሳሎን ይቀዝፋል፤ ጓደኛው መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ መልሕቁን ጥሏል። ምንጣፉ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ሰካራም ተዘርሯል። የልብሱ ክምር ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ነካው፤ ከግርጌው ጀምሮ ቀለም እያለቀሰ፣ ነጩ ሁሉ ቀስ በቀስ ሐምራዊ ሆነ።

ቧንቧዎቹን ዘጋ። የመወልወያው እንጨት ከተሰበረ ሰንብቷል፤ የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው። ጨርቅ ደግሞ ማጎንበስ ይፈልጋል። ተሳቢው የሐኪሙን ምክር አስታወሰና ብልሃት አገኘ፤ አላጎነበሰም፣ ተንበረከከ። አንዴ ጨመቀ። ሁለቴ ጨመቀ። በሦስተኛው ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይም ወደ ፊትም እምቢ አለ። እንደምንም ዞሮ ውሃው ውስጥ በመቀመጫው ዘጭ አለና ጀርባውን ለሶፋው ሰጠ። ለመነሳት ሞከረ። ጣሪያው ጥቁር ሆነበትና ተወው።

"ደህና ነህ?" ስትል ሰማት ጎረቤቱን፣ በመስኮቱ በኩል።

"ደህና ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "ወለል እያጠብኩ ነው!"

"ጎበዝ!" አለችና የበሯ ድምፅ ተሰማ።

ተሳቢው ብቻውን ቀረ። ከፊቱ ጨርቁ አለ፣ እጁ አይደርስበትም። ከጎኑ ባልዲው አለ፣ ማንሳት አይችልም። ባሕር ዙሪያውን የከበበው ደሴት እንኳ ከእሱ ይሻላል፤ ደሴት ቢያንስ ደረቅ ነው። ውሃው በሱሪው ዘልቆ እየቀዘቀዘው ተቀመጠ። በዚህ መሀል የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

"አባዬ!" አለች ልጁ፤ ከኋላዋ አንዱ ሕፃን ይነጫነጫል። "የማስቸግርህ ነገር አለ፣ እንዳትቆጣኝ።"

"አንቺን ተቆጥቼ አውቃለሁ?"

"የወሊድ ፈቃዴ አልቋል፤ ሰኞ ሥራ እመለሳለሁ። እማዬ ልጆቹ እስኪራመዱልኝ ድረስ ብትቆይልኝ ብዬ ነው። እሷ አንተን ትቼ እንዴት አለች። እኔ ግን እንደዚህ ጎበዝ መሆንህን ባላውቅ አፌን ሞልቼ አልጠይቅህም ነበር። ባለቤቴ እንኳ 'አባትሽ ጋ ሄጄ ስልጠና ልውሰድ' እያለ ነው።"

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ቅዳሜ ተሰረዘ! የሞት ፍርደኛ ምሕረት ሲነበብለት እንዲህ አይደሰትም። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። እስኪራመዱ ድረስ። አንድ ሕፃን ለመራመድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አሰበ። እነዚህ ደግሞ ሁለት ናቸው። ዱባው እስከዚያ መኝታ ቤት ይደርሳል። ሚስቱ ወጥታ የቀረችው በሌላ በማንም አይደለም፤ በገዛ ምላሱ ነው።

"አባዬ? አለህ?"

"ምን ችግር አለው!" አለ፤ አፉ ከእሱ ቀድሞ። "እስኪያገቡ ድረስ ትቆይ!"

ልጁ ሳቀች፤ መረቀችውም፤ ስልኩንም ለእናቷ ሰጠች።

"እውነት ትችላለህ?" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ደግሞ!"

"ዛሬ ምን ሠራህ?"

"ወለል አጠብኩ።"

"ሁሉንም?"

"ውሃ ያልነካው ቦታ የለም።"

ተሳቢው "ጎበዝ" እስክትለው ጠበቀ። አላለችም።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ጉልበቴን እያሸሁ ነው፣" አለች። "አንድ ነገር እያሰብኩም ነው። እኔ ያን ቤት አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም። አንድም ቀን። ተኝቼ እንኳ ያልታጠበውንና ያልተኮተኮተውን ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አንተ ከምሳ በፊት ጨርሰህ ታርፋለህ። ለካ ሰነፍ ነበርኩ።"

"ማ? አንቺ?"

"ታዲያ ሰነፍ ካልሆንኩ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ነበር የኖርኩት?"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ተሳቢው መልስ አያጣም፤ ለቁጣ የሚሆን መልስ ጎተራ ሙሉ አለው። እሷ ግን የጠየቀችው የምሯን ነበር፤ በሰው ፊት የተሳሳተች ተማሪ እንደምትጠይቀው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሰውየው ሐምራዊ የሆነውን ተራራ አየ። እነዚያን ልብሶች ሁሉ በቁም ሣጥን ውስጥ ታጥፈው የሚያውቃቸው እሱ ነበር። በራሳቸው ታጥፈው የሚበቅሉ ይመስለው ነበር።

"በል፣ ይሁን። ልጅቷን ላገናኝህ፣" አለች።

"አልቻልኩም።"

"ምን አልከኝ?"

"አልቻልኩም አልኩሽ።"

"ምኑን?"

"ቤቱን።" አለ። "አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም። ግማሹንም አልጨረስኩም። ጎመኑ የእትዬ ነው። ወለሉን ያጠብኩት ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ ነው። አሁን የማወራሽ ውሃው ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ ወገቤ ይዞኝ መነሳት አቅቶኛል።"

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ መጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሊለየው አልቻለም፤ ምናልባት እሷም አልለየችውም።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነው?" አለች።

"በጣም።"

"ወይኔ! ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ።"

ነይ የምትለው ቃል ጥርሱ ላይ ደርሳ ቆማ ነበር። በሕይወቱ ከጫነው ጭነት ሁሉ የከበደችው ያች ቃል ናት። በስልኩ ውስጥ ግን አንዱ ሕፃን ጩኸቱን ለቀቀው፤ ሁለተኛውም ተከተለው፤ ልጁ ከሩቅ "እማዬ፣ አንዱን ያዥልኝ፣ እጅ አጠረኝ!" ስትል ተሰማ።

"አትምጪ፣" አለ ተሳቢው። "ስልኩን ብቻ አትዝጊው።"

ስልኩን ሳይዘጋ ከራሱ በላይ ሶፋው ላይ አኖረው። ከዚያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"እትዬ! ኧረ ድረሽልኝ!"