የባሕር ጠረፉ ጣቢያ ዝም ይበል

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጭጋጉ ባሕሩን ውጦታል፣ ዝናቡም ያለ ነፋስ ይወርዳል።

የባሕር ጠረፉ ጣቢያ ቴሌግራፈኛ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ተጭኖ ጎንበስ አለ። አጭርና ረጅም እያለ የሚመጣው ጥሪ ደካማ ነበር፤ የመቺውን እጅ ግን ለየው። ረጅሙን ድምፅ ከልኩ በላይ የሚጎትት፣ አጭሩን እንደ ፍም ነክቶ የሚሸሽ እጅ አንድ ብቻ ነው። ሙያውን ሲያስተምረው «እጅህ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል» ይለው ነበር። ታናሽ ወንድሙ መልስ አያጣም፦ «ሰካራምም ቤቱ ይገባል!»

ወንድሙ በቴሌግራፈኛነት የሚሠራባት መርከብ ከዐለት ተላትማ ውሃ ታስገባለች።

በአቅራቢያዋ የነበረ አንድ የጭነት መርከብ ጥሪዋን ሰምቶ ያለችበትን ቦታ ጠየቀ፤ ወንድሙም መለሰለት። ጭጋጉ መንገድ ስለከለከለው ግን እየደጋገመ ይጠይቃል። ሽማግሌው የጣቢያው አለቃ ከኋላ መጥተው ቆሙ።

«ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

አለቃው ትከሻውን ያዝ አደረጉት። በዚያ ባሕር ላይ እንደ እነሱ ጣቢያ የሚጮህ የለም፤ ማስተላለፊያው አንዴ ብልጭ ካለ የሁለቱ መርከቦች ሹክሹክታ ይዋጣል። ስለዚህ ሕጉ፣ ሰው ሲሰምጥ ሩቅና ብርቱ የሆነ ጣቢያ አፉን ይያዝ ይላል።

ድንገት ወንድሙ እሱኑ ጠራው። «ወንድም ዓለም፣ አለህ?»

እጁ ሳያዝዘው መምቻው ላይ ዐረፈ።

«አንዲት ቃል ናት፣ ጋሼ። አለሁ ልበለው።»

«በእሷ መሃል የዚያኛው ጥያቄ ቢጠፋስ? ልጄ፣ ከወደድከው እጅህን አንሳ።»

አነሳ። መዳፎቹን ከጭኖቹ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው።

«አለህ?»

የጭነት መርከቡ ገባ፦ «ጥሩንባዬ ከየት በኩል ይሰማሃል?»

«ከምሥራቅ።» ወንድሙ እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሲመታ ሰምቶት አያውቅም። ወዲያው ግን እጁ ተንገዳገደ፦ «ተቆጥተኸኝ ነው?»

ወንድሙ ሕጉን አሳምሮ ያውቃል። የፈራ ሰው ግን የሚሻው ድምፅ እንጂ ሕግ አይደለም።

«መጥቻለሁ፤ ጀልባዎቻችሁን አውርዱ» አለ የጭነት መርከቡ።

«አለህ?» አለ ወንድሙ። ድምፁ ቀጠነ፤ እንደ ክር ተበጠሰ።

አለቃው ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ዝናቡ አባርቶ መስኮቱ ነጣ።

ከዚያ የጭነት መርከቡ ጣቢያውን ጠራ። «ሰዎቹን ሁሉ ከጀልባ አንስተናል። የመርከቧ ቴሌግራፈኛ ብቻ ውጣ ቢሉት መልስ እጠብቃለሁ ብሎ አብሯት ቀርቷል። ደርሷችኋል?»

ቴሌግራፈኛው እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አወጣና «ደርሶኛል» ብሎ መታ።