ሸዋሉል ያልቀመሰችው የባሕር ሥጋ

የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ጾም ሳይፈታ ነውና ቀምሶ ማጣፈጥ የለም። ሸዋሉል ግን አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ ጨውን፣ በርበሬን፣ ኮረሪማን በአፍንጫዋ ለክታ ታወጣለች። የስቶክሆልም ማኅበርተኞቿ «ያቺ አፍንጫ ትባረክ!» የሚሏት ለዚህ ነው።

በዘጠና ስምንት ግንቦት ግን ሙያዋ ሁሉ ከዳት። ባሏ ዓለሙ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እህል አልቀምስ አለ። ገንፎ ብታገነፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የአጥንት ሾርባ ብታቀርብ «ይቅርብኝ ሸዋዬ» አላት። ቬሊንግቢ ሰፈር ቤታቸው ድረስ እየመጣች የምታየው ነርስ፣ «እስከ ሰኞ መብላት ካልጀመረ መልሰን እናስተኛዋለን፤ በቱቦ ነው የሚመገበው» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ሸዋሉል ሰማይ ተደፋባት። ተመልሶ ከገባ አይወጣም ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷንም ከማንም አልደበቀች።

«እሺ አንተ ሰውዬ፣ ምን ቢሆን ትበላለህ? ንገረኝና ከሰማይም ቢሆን ላውርድልህ!»

ዓለሙ ዓይኑን ጨፍኖ «ኮክል» አለ።

«በስመ አብ!»

ስዊድን ከመምጣታቸው በፊት እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ ኖረዋል። ኮክል ከዛጎሏ የወጣች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የባሕር ሥጋ ናት። እንግሊዞቹ በትንሽ ኩባያ ሞልተው፣ አቼቶ አርከፍክፈው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው፣ ነፋስ ላይ ቆመው ይበሏታል። ሻጯ ዓለሙን «የኔ ፍቅር» እያለች ታበዛለት ነበር፤ ለነገሩ ሁሉንም እንዲያ ነው የምትለው፤ ሸዋሉል ግን ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶባታል። እሱም በየእሁዱ አንዷን አንስቶ «እንኪ፣ ጉርሻ!» ይላታል። እሷም በየእሁዱ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ክርስቲያን አይበላም፤ አለቀ። ያም ሆኖ አንድም እሁድ ከጎኑ ቀርታ አታውቅም። አሁን እነዚያ እሁዶች አንጀቷን በሏት። የባሏ ሳቅ፣ ነፋስ የሚያውለበልበው ካፖርቱ፣ ያ የሚያስጠላ ሽታ ሳይቀር ናፈቃት።

ለንስሐ አባቷ ደወለች። «አባ፣ ይፍቱኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አማረው፤ ምን ላድርግ?»

አባ ብርሃነ ሥላሴ «ለታመመ ሰው እንደ መድኃኒት ይሁንለት። አንቺ ግን እንዳትቀምሺ፣ ልጄ» አሏት። ጾም ቢሆን ኖሮ ዓለሙንም እንቢ ለማለት ባመካኘች፤ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ምን ይባል?

ልጃቸው ምኞት ኪስታ ገበያ ሄዳ በጨው ውሃ የታሸገ አንድ ቆርቆሮ ኮክል አገኘች። ስዊድን ያደገች ናት፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ በስዊድንኛ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት «ኡሽ!» ብላ አፍንጫዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«ዝም በይ፣ አባትሽ ነው የሚበላው!» አለቻት ሸዋሉል፤ እሷም በልቧ ኡሽ እያለች።

ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ፣ ኤቲካ የሚሉትን የስዊድን አቼቶ አርከፈከፈችበት። እሱ ደግሞ ውሃ መሳይ እሳት ነው። ዓለሙ አንዷን ጎርሶ ሳል ሊገድለው ደረሰ። ተፍቶ «ይሄ አይደለም» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዕለቱ እሁድ ነበር፤ በማግስቱ ነርሷ ትመጣለች።

ሸዋሉል ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠራርጋ ሳህኑን አሸተተች። ምኑ ነው የጎደለው? ዓይኗን ጨፍና እዚያ ባሕር ዳር ከሻጯ ፊት ቆመች። ጨው አለ። ቁንዶ በርበሬው አለ። የእንግሊዞቹ አቼቶ ግን ቡናማ ነበር፤ ሽታውም ጠላ ቤት ጠላ ቤት የሚል።

«ወይ ሞኝነቴ! ብቅል ነዋ!»

ለሚካኤል ማኅበር ጠላ ያስቀመጠችውን ብቅል አውጥታ ቆላ ቆላ አደረገችው፤ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ አጠለለችና አቼቶውን በሱ አቀጠነችው። የቀሩትን ኮክሎች አለቅልቃ በትንሽ ኩባያ ነከረቻቸው። አልቀመሰችም። አሸተተች፣ ጨመረች፤ ደግማ አሸተተች። ድንገት ያ ነፋስ ፊቷን የዳሰሳት መሰላት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ኮክል አጉርሶ በማያውቅ እጇ አጎረሰችው። ዓለሙ አኘከ። ምኞት በር ላይ ቆማለች።

«ሸዋዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ሴትዮዋ ዛሬ ‹የኔ ፍቅር› ሳትለኝ ነው እንዴ የሰጠችኝ?»

ሸዋሉል አብራው ባረጀችበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል በአፏ አውጥታ ብላው አታውቅም፤ ታፍራለች። «ብላ፣ የኔ ፍቅር» አለችው።

በላ። ኩባያውን አጋመሰና ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ያልወጣው ቀኝ እጁ ወጣ። አንዷን አነሳ።

«እንኪ፣ ጉርሻ።»

ሸዋሉል እጇ ሳታስበው ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ። የአባ ቃል ጆሮዋ ላይ አለ። የዓለሙ እጅ ግን አየር ላይ ቆሟል፤ አቼቶው አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። መልሳ ብታሳፍረው ያ እጅ ዳግመኛ የሚነሳ አልመሰላትም። ነጠላውን ለቀቀችና አፏን ከፈተች።

«እንዴት ነው?» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ሸዋሉል ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለችና አፏን ደግማ ከፈተች።