የኮምቦልቻ አፈር

ታየች የጎረቤቷን ሚስት ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው አሰብ በገባች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ስለነበር፣ ሰው ሲላተምበት በወዲህ በኩል ያለው ዕቃ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝም አለ። ታየች የጀመረችውን ሙዳይ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ባሏን አየችው።

«አትስሚ» አላት አሥራት ጫማውን እያወለቀ። «ካቦዬ ነው።»

ካቦ መርሻ በጭነት መኪና ጋራዡ ሃያ ሁለት መካኒክ የሚያዝ ሰው ነው። ቁመቱ አጭር፣ ክንዱ የበር መቃን የሚያክል፣ በሥራ ቦታ ደግሞ ተጫዋች። አሥራትን ከደሴ አስመጥቶ ሥራ ያስገባው እሱ ነው፤ ቤቱን ያስሰጠውም እሱ። ውለታ የበላ ሰው ጆሮው ይከብደዋልና አሥራት አልሰማም። ታየችም ላለመስማት ሞከረች። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ እሷ ስፌቷ ላይ ታቀረቅራለች።

የተደብዳቢዋ ስም እቴናት ነው። ዕድሜዋ ገና ሃያ ሁለት፣ የወረኢሉ ልጅ፣ ዳንቴል ስትሠራ እጇ ዓይን የማይፈልግ ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣችና፣ «እትዬ ታየች፣ ይሄን ስፌት ያስተምሩኛል?» አለች። ታየች ስለ ፊቷ አልጠየቀችም። ከጎኗ በርጩማ አስጠጋችላት።

በአገራቸው ስፌት የሚሰፋው በሰንደዶና በአክርማ ነው። አሰብ ላይ ሁለቱም የለም፤ ጨው የበላው መሬት ለፍየል እንኳ አያበቅልም። ታየች ግን መላ አላጣችም። ካዲጋ የምትባል የአፋር ሴት በባሕሩ ጠረፍ ካለችው መንደር ከበይሉል የዘንባባ ቅጠል በእስር እያመጣች ትሸጥላታለች፤ ቅጠሉን ከአረብ ሱቅ በገዛችው ቀለም ትነክርና አለላ ታደርገዋለች። ጓሮ ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቁ አራት የዘይት በርሜሎች አሏት። ስለሺ የሚባል፣ የደሴን መስመር የሚመላለስ የአሥራት ጓደኛ፣ በየወሩ ከኮምቦልቻ አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር ያመጣላታል። በዚያ አፈር ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ አበቀለች። ቦቴው ውሃ ባመጣ ቀን የልብስ ማለቅለቂያውን አትደፋም፤ ለበርሜሎቹ ታካፍላለች። ፀሐዩ እንዳያከስላቸው ደግሞ በላያቸው ጆንያ ትወጥራለች።

እቴናት ያንን ጓሮ ወደደችው። ባሏ ወደ ጋራዥ ሲወጣ እሷ በአጥሩ ቀዳዳ ትገባለች። ውሃ ታጠጣለች፣ ትሰፋለች፣ ለታየችም የዳንቴል አያያዝ ታሳያታለች። እዚያ ስትቀመጥ ትስቅም ነበር። መርሻ የሚመለስበት ሰዓት ሲቃረብ ግን እጇን ሦስት ጊዜ ታጥባ፣ ጥፍሯን ፍቃ ትሄዳለች።

«ለምንድን ነው እንደዚህ የምትፈትጊው?» አለቻት አንድ ቀን ታየች።

«አፈር አይወድም» አለች እቴናት። ሌላ አልጨመረችም።

እንዲህ ሲሆን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶ፣ በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ቅዳሜ ቀትር ስለሺ ጆንያውን በር ላይ አራግፎ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው ወደ ጓሮ ጎተቱት፤ ታየች ወደ ስፌቷ ስትመለስ እቴናት አንዱን በርሜል መሙላት ጀመረች። የዚያን ዕለት ግን ጋራዡ ውስጥ አንድ መካኒክ ሞተር በእጁ ላይ ወድቆበት ሥራ ተቋርጦ ነበር። አሥራት የተጎዳውን ሐኪም ቤት ሲወስድ፣ መርሻ ያለ ሰዓቱ ወደ ቤቱ መጣ፤ መንገድ ላይም ስለሺ መኪናውን አስነሥቶ ከታየች በር ሲሄድ አይቶት ነበር። ቤት ሲገባ ሚስቱን አጣት። በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሮ ሲያይ እቴናትን እስከ ክርኗ አፈር ውስጥ ገብታ አያት።

በቀዳዳው አልገባም። ቆርቆሮውን ገንጥሎ መጣ።

«ይሄ አፈር ከየት ነው የመጣው?» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም።

እቴናት ተነሥታ ቆመች። «ስለሺ ነው ያመጣው። ለእትዬ ታየች።»

«ለሰው ሚስት ጆንያ ሙሉ አፈር የሚሸከም ሾፌር የት አገር ነው ያለው?»

«ለእኔ ነው ያመጣው፣ አቶ መርሻ» አለች ታየች። ስትሰፋ ነበርና ቅርጫቱና ወስፌው አሁንም እጇ ላይ ናቸው። «አሥራት ነው ያዘዘው። ይጠይቁት።»

«አንቺን ማን አናገረሽ?»

መጀመሪያ በርሜሎቹን ነው የገለበጣቸው። አራቱንም፣ አንድ በአንድ፣ በእግሩ። ቲማቲሙን ከሥሩ ነቅሎ ቆርቆሮው ላይ ፈጠፈጠው። እቴናት ልታመልጥ ስትል በሹሩባዋ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታትና በጀርባዋ ጣላት። ጎኗን ሁለት ጊዜ ረገጣት። ሲረግጣት የወጣው ድምፅ ታየች በቆርቆሮው በኩል ትሰማው የነበረው አይደለም፤ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ደረቷ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከተገለበጠው አፈር በእፍኙ ዘገነ።

«አፈር ወደድሽ አይደል? ብዪ።»

አፏን በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ ሞላው። ሌላ እፍኝ ጨመረ። እቴናት እግሯን እያንፈራገጠች ነበር። ታየች «ኧረ የሰው ያለህ» ብላ ጮኸች። ሰው ነበር። ዘጠኝ ያህል ጎረቤት በተገነጠለው ቆርቆሮ በኩል ቆሞ ያይ ነበር፤ ገሚሱ ከመርሻ ጋር የሚሠራ ነው። አንድም እግር ወደ ውስጥ አልገባም።

«ልጅቷ ታፈነች! ተዋት!» አለች ታየች። እስከዚያች ቀን መርሻን አንተ ብላው አታውቅም።

አልተዋትም። የእቴናት እግር መንፈራገጡን ተወ። ያን ጊዜ ታየች ሮጠችና ወስፌውን እስከ እንጨት እጀታው ድረስ ትከሻው ላይ ተከለችው።

መርሻ እንደ ግመል አጓራና ዞሮ በክርኑ አፏን መታት። ጥርሷ ምላሷ ላይ ሲወድቅ ተሰማት። ወስፌውን ግን አልለቀቀችም። ጉሮሮዋን ሊያንቅ ቀኝ እጁን ሲዘረጋ ከእጁ አንጓ ላይ ወጋችው፤ ብረቱ በወዲያ በኩል ወጣ። በግራ እጁ ያዛትና ሁለቱም የተነከረው ዘንባባ ላይ ወደቁ። ቀዩ ቀለምና ደሙ ተደባለቀ። እሷ ከላይ ነበረች። ሦስተኛውን ብብቱ ሥር ወጋችው፤ አራተኛውን ልትጨምር እጇን ስታነሣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ገብቶ ያዛት። እሷን ለመያዝ ሲሆን እግራቸው ቀለለ።

እቴናት በጎኗ ተገልብጣ አፈሩን እየተፋች ትስል ነበር። ተርፋለች።

ፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ አበጀ የሚባል አንድ ዓይኑ የሚያለቅስ ሽማግሌ ቃል ተቀበለ። ታየች ያየችውን ያደረገችውንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ከዚያ እቴናትን ጠራት። አፏን ተጉመጥምጣ መጥታለች፤ ሆኖም በድዷና በጥርሷ መካከል ጥቁሩ አፈር አሁንም ይታይ ነበር።

«ባለቤቴ አልነካኝም» አለች። «እትዬ ታየች ከእሱ ጋር ጠብ ነበራት። ድንገት ወጋችው።»

ሃምሳ አለቃው አፏን አየ። ከዚያ ያለችውን ጻፈ።

መርሻ አልሞተም። ከአርባ ቀን በኋላ ችሎት ቀረበ፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። እቴናት መሬት መሬቱን እያየች ያንኑ ቃል ደገመች። ጎረቤቶቹም ከመሃሉ ነው የደረስነው አሉ። ለታየች ስድስት ወር ተፈረደባት። ያን ቀን ከመርሻ ይልቅ እቴናትን ጠላቻት፤ ጥላቻው ሆዷ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንጋይ ተቀመጠ።

አሥራት በመጀመሪያው እሑድ ሊጠይቃት መጣ። ልብሱ ላይ ዘይት አልነበረም፣ ጨው እንጂ።

«ጋራዡን ተውኩት» አለ። «ወደብ ቀን ሥራ ገብቻለሁ። ቤቱንም ለቅቄያለሁ።»

«በእኔ ምክንያት።»

«አይደለም።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «ሁለት ዓመት ሙሉ አትስሚ ስልሽ፣ እኔ ስሰማ ነው የኖርኩት። አንቺ ተኝተሽ እኔ የምሰማበት ጊዜ ነበር። ይሄንን ችሎት ላይ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

ሲሄድ ታየች ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ አየችው።

በእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል አምስት ነበሩ። ሹል ነገር ስለማይፈቀድ ስፌት የለም፤ ታየች የዘንባባ ገመድ በእጇ እየገመደች ቀኑን ትገፋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋናዬ የምትባል እስረኛ ለጨዋታ ያህል፣ «ወጊዋ፣ እኛንም እንዳትበሺን» እያለች ገመዱን በእግሯ ረገጠችው። ታየች የሆነውን ያወቀችው ከሆነ በኋላ ነው። ገመዱ በፋናዬ አንገት ዙሪያ ነበር፤ ጫፉን የሚጎትተው ደግሞ የራሷ እጅ። ሦስት ሴቶች ተረባርበው አላቀቋት። ፋናዬ ጥግ ይዛ ታስላለች፣ ታየች ደግሞ እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ እስኪመሽ ተቀመጠች። መርሻን ስትወጋ እቴናትን ለማዳን ነበር። ይሄኛውስ? እጇ መንገዱን ተምሮ ቀርቷል። በማግስቱ ከፋናዬ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት።

እቴናት በሦስተኛው ወር ልትጠይቃት መጣች። ታየች አልወጣችላትም። በአራተኛው ወር ደግሞ መጣች፤ ያን ጊዜ ወጣች። ልጅቷ አንድ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላለች፤ የግራ ዓይኗ ተደፍኗል።

«እጁ አልታጠፍ ካለው ወዲህ በብረት ነው የሚመታኝ» አለች። «እትዬ ታየች፣ ብናገር የምገባው እሱ ቤት ነበር። ለዚያ ነው የዋሸሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«አሁንስ የት ነው የምትገቢው?»

«ካዲጋ ነገ በጀልባ ወደ በይሉል ትወስደኛለች። የእህቷ ቤት እደሪ ብላኛለች። ለወንድሜም ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ ደሴ አስተማሪ ነው።» አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ አልልሽም» አለች ታየች። ድንጋዩ ገና ሆዷ ውስጥ ነበር። «ሂጂ ግን። ዛሬውኑ ሂጂ፣ ነገ አትበዪ። ከሞትሽ ይቅር የምለው ሰው አላገኝም።»

እቴናት ያን ዕለት ከሰዓት ወጣች። መርሻ በስምንተኛው ቀን የት እንዳለች ደረሰበትና በአሣ መኪና በይሉል ድረስ ሄደ። የብረት ዘንግ ይዞ ነበር። የካዲጋ ወንድሞች ደጃፉ ላይ ቆመው በአፋርኛም በአማርኛም ተመለስ አሉት። አልተመለሰም፤ ታላቅየውን በብረቱ መታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መርሻ ራሱ አስተካክሎ ሊናገር አልቻለም። አሰብ የተመለሰው በዚያው መኪና ላይ ተጋድሞ፣ የአንገት አጥንቱና አንድ ጉልበቱ ተሰብሮ ነው። ሃምሳ አለቃ አበጀ በይሉል ሄዶ ሰው ጠየቀ። ማንም አላየም። ሃምሳ አለቃው ይህንንም ጻፈ።

ታየች ስድስት ወሯን ጨርሳ ስትወጣ አሥራት በር ላይ ጠበቃት። ከሁለት ቀን በኋላ አብረው በይሉል ሄዱ። እቴናት ከካዲጋ እህት ጋር ሰሌን ስትሠራ አገኟት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ክንዷ ትንሽ ጠመም ብሎ ገጥሟል። ታየችን ስታይ ልትነሣ ብላ ፈራች፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

ታየች አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። አሥራት ከወንዶቹ ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ሄደ።

«አሁንስ ይቅር አሉኝ?» አለች እቴናት።

«አላውቅም። ስመጣ እጄን ፈርቼ ነበር» አለች ታየች። «ሳይሽ ግን አልተነሣም። በዚያ እንጀምር።»

የእቴናት ወንድም ይርጋለም አሰብ የመጣው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ እህቱን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ መልሶ ማድረግ ያቃተው ሰው። መርሻ ያን ጊዜ ገና በምርኩዝ ይሄድ ነበር፤ ቢሆንም አሥራትና ሌሎች አራት የወደብ ሠራተኞች መኪናው እስኪነሣ ድረስ ዙሪያውን ቆሙ። ከበይሉል የመጣችው እቴናት ከወንድሟ ጎን ገቢና ተቀመጠች። ታየች መስኮቱ ሥር ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችላት፤ ከዚያ አገጯን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት።

«ማንም አንቺን መትቶ፣ አልነካኝም አትበዪ» አለቻት። «እኔን ብትወነጅዪ ወንጅዪ፣ ያንን ዳግመኛ አትበዪ።»

«አልልም» አለች እቴናት።

መኪናው ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ወጣ። ታየች አቧራው እስኪረጋ ቆማ ቆየች፤ ከዚያ ከአሥራት ጋር ወደ አዲሱ ቤታቸው ሄደች።