ቤዙ አይሰማም

ደግሞ የሙዚቃው ስም ራሱ፣ ቴክኒካል ዴዝ ሜታል፣ ዴዝ ማለት ሞት ነው ሲላት ልጇ ያን ጊዜ ክው ብላ ነበር፣ ስሙ እኮ ነው እማዬ፣ ማንም አይሞትም፣ እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስሙን ጸሎቷ ውስጥ አስገብታ ስትለምንበት ከረመች፣ ይኸው የልጇ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል፣ ይሁን፣ የራስ ቅል የሌለው ሰው የት አለ።

ልጇ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሏል። ስልኩን ይዞ። ከባንዱ ወጥቻለሁ ብሎ ሊጽፍላቸው ነው፣ ቁርጡን ነግሯታል፣ ስምንት ዘፈን፣ ስምንቱም ላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው እሱ፣ አንዱም ላይ አይሰማም፣ ጊታሮቹና ከበሮው ውጠውታል፣ ባለ ጊታሩ ጭራሽ ምን አለው፣ አይዞህ ወንድሜ ፎቶው ላይ አለህ፣ እሷም ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ ልጄ እያረረ።

እስቲ ልስማው፣ ትለዋለች። ተይው ባክሽ እማ፣ አንቺ ደግሞ በየትኛው ጆሮሽ።

እውነቱን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ክፍል፣ እነዚያ ቤት የሚያካክሉ ማሽኖች ሲያጓሩ፣ የበሩ ደወል ከጠፋባት ቆየ፣ የወፍ ድምፅም፣ የሕፃን ሳቅም፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው የሄደብሽ እናቴ ወፍራሙ አለ፣ ብሏታል ሐኪሙ፣ እሷም የዚያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አልቅሳለች።

ማዳመጫውን ታጠልቃለች። መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ ሩቅ ጭቅጭቅ፣ ጎረቤት ባልና ሚስት የተጣሉ ይመስል፣ ጊታሩ ይሆናል፣ የሚያጓራው ደግሞ ዘፋኙ ቀጮ ነው፣ ያ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ እንደምን ዋሉ እማማ የሚላት ጨዋ፣ እና ከስር፣ ከስሩ ግን አንድ ነገር ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቀጥ ይላል፣ ዘሎ ይመለሳል፣ ይህንንማ ታውቀዋለች፣ ሁለት ክረምት በግድግዳው በኩል ደረቷ ውስጥ ሲገባ የከረመ ነው። ልጇ። ሌላው ሁሉ ሄዶለት እሱ ብቻ ቀርቷል። አምላኬ፣ እነዚያን ማሽኖች ስንት ጊዜ ረገምኳቸው፣ ለካ አንተ ለልጄ ቦታ እያስለቀቅህ ነበር።

እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ ልጄ፣ ትላለች፣ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ስላለ ድምፅዋ ቤቱን ይሞላዋል። አታጽናኚኝ እማ፣ ይላል ቀና ሳይል። ማጽናናት አይደለም፣ ግን በምን ቃል ታስረዳው፣ ሰባተኛ ክፍል ያቆመች ሴት፣ በቃ ዜማውን በአፏ ትይዛለች፣ ዱም፣ ዱ ዱዱም፣ ዱም፣ አብራው ትሄዳለች፣ ከዚያ ትቆማለች፣ እዚች ጋ ግን ዘገየህ፣ አንዷን ዘለልካት፣ አየሁህ።

ጣቱ ስልኩ ላይ ይደርቃል። ሦስተኛው ዘፈን፣ መሐሉ ላይ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ እሷን ማንም አልያዛትም፣ ዘፈኑን የቀረጸውም፣ እነሱም፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቃት። ጆሮው ድረስ ይቀላል፣ እና ይስቃል፣ ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ሲስቅ ካየችው፣ ስልኩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል፣ የጻፈውም አልተላከም፣ ተጠግቶ አጠገቧ ቁጭ፣ ሌላስ እማ፣ ሌላ የት ጋ ተሳሳትኩ፣ ተናገሪ እንጂ፣ ገና አምስት ዘፈን አለ፣ ተመስገን፣ ገና አምስት፣ ቆይ፣ ዝም በል አንተ፣ ልስማህ