ኮማንዳንቴው የታረቀን ዕለት

ስፔኖችን አልወድም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ «ምነው ሚዛን አጣሽ?» የሚለኝ ሰው በከንቱ እንዳይደክም ነው። ሚዛን የፈለገ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፕሮፌሰር ይጠይቅ። ስፔን ግዛቷን ለማንም ሳታስነጥቅ እስከ ዛሬ እንዴት እንደኖረች፣ ኩባንና ፊሊፒንስን እንዴት ጨብጣ እንደቀረች፣ ከኛ ከሲያትል በስተሰሜን ያለውን የኑትካን ደሴት እንዴት የጦር ሰፈር እንዳደረገችው በካርታ ያሳየዋል። አሁን ደግሞ ዓይኗን አሰብ ወደብ ላይ ጥላለች ይባላል። እኔ የማውቀው የጦር መርከቦቿ በየወሩ ሲያትል እንደሚቆሙና መኮንኖቿ መንገዱን እንደ አባታቸው ግቢ እንደሚንጎራደዱበት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እነዚህ ግን አንጣፊም አግኝተዋል። የአሜሪካ መንግሥት ውል ፈርሞላቸዋል። የስፔን ባሕረኛን የነካ ሰው፣ ሲያትል መሀል ቢሆንም እንኳ፣ የሚዳኘው በስፔን ሕግ ነው።

በፈረንጆቹ 1986 በጋ ላይ ወንድሜ ይርጉ አንዱን መኮንን ነካ።

ይርጉ ወደቡ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ነበር የሚሠራው። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ፣ በሱዳን በኩል ይዤው የወጣሁት እኔ፣ ዋይት ሴንተር ቤት ተከራይቼ ያስገባሁት እኔ። ያን ዕለት አንድ መኮንን መኪናውን መውጫው ላይ ገትሮ ሊሄድ ሲል ይርጉ «ሰር፣ ሰው ሊወጣ ነው፣ እባክህ ሙቭ አድርገው» አለው። መኮንኑ ጓንቱን አውልቆ ፊቱን በጓንቱ ጠፈጠፈው። ይርጉም በጥፊ መለሰለት። ይህን የሰማ አበሻ ሁሉ «እሰይ!» አለ። እኔም ብያለሁ፣ አልክድም፤ ባሕረኞቹ ጎትተው ወደ መርከባቸው እንዳስገቡት እስክሰማ ድረስ።

መርከቡ «ኢንፋንታ» ይባላል። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ብጮህ «ውሉ እጃችንን ይዞታል» አሉኝ። ኑትካ ከወሰዱት አለቀ፤ መኮንን የመታ ሰው እዚያ የሚላከው መዳብ ማውጫ ነው፤ ከዚያ በጤናው የተመለሰ ሰው አላየንም። ስለዚህ ነገሩ አንድና አንድ ነበር፤ ይርጉ ከዚያ መርከብ ሳይወርድ መርከቡ መሄድ የለበትም።

እንዳይሄድ የያዙልን ደግሞ የወደቡ ጫኞች ናቸው። አለቃቸው ሮይ የሚባል፣ እጁ አካፋ የሚያህል ሰውዬ፣ መኪናውን ሁልጊዜ ይርጉ ጋ ነበር የሚያቆመው። ማን እንደጀመረ በዓይኑ አይቷል። «ልጁ በእግሩ እስኪወርድ ድረስ አንዲት ከረጢት ድንች አንጭንላቸውም፤ ነዳጅም አያገኙም» ብሎ ሰዎቹን ሁሉ አሳደመልን። «ኢንፋንታ» ያለ ስንቅና ያለ ነዳጅ ተገትራ ቀረች። አዛዧ ኮማንዳንቴ ዛልዱምቢዴ (ስሙም እንደ ባለቤቱ ጉሮሮ ላይ የሚቆም ነው) ቆንስሉ ጋ ቢሮጥ፣ ከንቲባው ጋ ቢሮጥ፣ ሮይ ንቅንቅ አላለም። ጉሮሮውን አንቀነዋል። ትንሽ ብንታገሥ በቃ ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ቤቴ መጥተው «ሽማግሌ እንላክ» አሉ።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ አገር ቤት ሳሉ ደም ያስታርቁ የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህም የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኮራረፈ ሸሪክ ሁሉ ኖርዝጌት ያለው ቤታቸው ሳሎን ነው የሚታረቀው። ከሳቸው ጋር የደሴው ሐጂ ዓብዱልሀኪም መጥተው ነበር።

«ሽማግሌ ለስፔን?» አልኩ።

«ስፔንም ሰው ነው፣ ማንአልሞሽ። አባት አለው፣ ሃይማኖት አለው። ዛሬ በአድማ ብናሸንፈው ነገ ሌላውን ልጃችንን ይይዛል። እርቅ ግን ይዘልቃል» አሉ ጋሼ።

«ምን ይዘን ነው የምንሄደው?»

ሐጂ ናቸው የመለሱልኝ። «እንደ ወጉ ነዋ። የበዳይ ወገን ድንጋይ ይሸከማል። ሌላ ዘመድ የለው፣ አንቺ ነሽ።»

«በዳይ? ቀድሞ የተመታው ይርጉ አይደለም እንዴ! የመታውን ትቼ እኔ ልንበርከክ?»

«እርቅ ማን ጀመረ አይልም፣ ልጄ። ማን ይጨርሰው ነው የሚለው።»

ተስማማሁ። የወንድሜ ነገር ሆኖብኝ እንጂ የነሱ ምክር ጥሞኝ አልነበረም።

ድንጋዩን ከዴ ሞይን ባሕር ዳር ያመጣችው ገነት ናት። ገነት ሀቫና ተምራ የመጣች፣ ስፔንኛውን እንደ ውሃ የምትጠጣ ልጅ ናት፤ አስተርጓሚያችን እሷ ነበረች። መርከቡ ላይ ወጥተን ጥላ ሥር ከተቀመጠው ኮማንዳንቴ ፊት ቆምን። ከዚያ ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። የወለሉ ብረት በፀሐይ ግሎ ጉልበቴን ይልጠኛል። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል፣ ብረቱ ሳይሆን መንበርከኩ።

ገነት ወጉን አንድም ሳታስቀር አስረዳችው፤ የተበደለው ሰው፣ ወይም ስለሱ አለቃው፣ ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያነሳል፣ ካነሳ በኋላ ነገሩ ይሞታል፣ ልጁም ይለቀቃል። አልገባውም እንዳይባል፣ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ነገር አዋቂ የሚጠይቀው ነበር።

«ነገሩ ይሞታል ማለት ከኔ በኩል ብቻ ነው?» አላት።

«ከሁለቱም በኩል ነው።»

«እናንተስ ምን ትተዋላችሁ?»

ጋሼ ወልደ ሥላሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱለት። «ቂም የለም፣ ክስ የለም፣ አድማ የለም። ከታረቁ በኋላ ጠላትን በረሃብ መያዝ ነውር ነው በይው፣ ገነት።»

አድማ የሚለው ሲተረጎምለት ፊቱ ሲበራ አየሁት። ከታች ሆኜ ስለማየው ጥርሱን ሁሉ አይቻለሁ። ወዲያው ፎቶ አንሺ ጠራ። ፎቶ አንሺው እስኪመጣ፣ መብራቱን እስኪያስተካክል፣ ከግራ ከቀኝ እስኪያነሳኝ ድረስ ድንጋዩ ጫንቃዬ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኮማንዳንቴው ተነሥቶ ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ድንጋዩን አነሳና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ጋሼ አለቀሱ፤ ትከሻውንም ሳሙት።

«ይርጉስ?» አልኩ ገና ሳልነሣ።

«ነገ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ» አለ በገነት አፍ። ላም አለኝ በሰማይ!

ከመርከቡ እንደወረድን ሽማግሌዎቹ በቀጥታ ሮይ ጋ ሄዱ። ጋሼ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት፤ ታርቀናል፣ ጭነቱን ጫኑላቸው አሉት። ሮይ ከኋላችን ሰው የሚመጣ መስሎት አንገቱን አሰገገ። «ልጁ የታለ?» አለ።

«ነገ ይወርዳል» አለችው ገነት።

«እኔ ብሆን እስከ ነገ እጠብቅ ነበር።»

«ጠብቅ! ዌይት! እንዳትጭን!» ብዬ በዚያው በተሰበረው እንግሊዝኛዬ ጮህኩበት። «ይርጉን በዓይኔ ሳላይ አንድ ነገር እንዳይገባላቸው!»

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ድንጋይ ከጫንቃሽ ያነሳልሽን ሰው መጠርጠር እርቅ ማፍረስ ነው። እኛ ቃል ሰጥተናል። ቃላችንን ቀድመን የምንበላ እኛ እንሁን?»

«ቀድመን እንብላ! ምን አለበት? ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ የኛ አገር ሰው አይደለም!»

«ማንአልሞሽ!» አሉኝ ሐጂ፣ ሰው ፊት እንደማዋርዳቸው ሁሉ።

ሮይ እኔን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። ነጭ ፂም ያላቸው ሁለት አባቶች ባንድ ወገን፣ የምትጮህ ሴት በሌላ ወገን። ቆቡን አውልቆ «የናንተ ጉዳይ ነው፤ አባቶቻችሁ ካሉ ምን እላለሁ» አለና ሰዎቹን ጠራ። ድንቹ ገባ፣ ሥጋው ገባ፣ ብርቱካኑ ገባ፣ የነዳጁ ቱቦ ተሰካ። እስኪመሽ ድረስ ቆሜ ሲጭኑ አየሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ለምስጋና ጸሎት ሄደዋል።

ጠዋት ለይርጉ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤ ብሄድ ወደቡ ባዶ ነው። «ኢንፋንታ» ጎህ ሲቀድ ወጥታለች አሉኝ። ገነት ቆንስሉ ጋ ኮል አድርጋ ስትጠይቅ የመለሱላት መልስ ይኸው፤ ኮማንዳንቴው እንደ ክርስቲያን ይቅር ብሏል፣ ፍርድ ግን የንጉሡ እንጂ የሱ አይደለም።

ፍርዱ የተሰማው መስከረም ላይ ነው። ገነት ከቆንስሉ የሰማችውን ይዛ ቤቴ መጣች፤ ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም በዚያው ቀን አውቶቡስ ይዤ ኖርዝጌት ሄድኩ።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ብቻቸውን ነበሩ። ሊስሙኝ ቢነሡ ወደ ኋላ አልኩ። ተቀመጡና የፈራሁትን ንግግር ጀመሩ። «ቃል ያፈረሰው እሱ ነው፣ ልጄ። እግዜር ያያል። እኛ ጨዋነታችንን አላጣንም።»

«ጋሼ፣ ይርጉ ችሎት ላይ ቀድሞ የመታኝ መኮንኑ ነው ብሎ ተከራክሯል። ምን ብለው እንደረቱት ያውቃሉ?»

«ምን አሉ?»

«ፎቶዬን አሳዩት። እኔ ተንበርክኬ፣ ድንጋይ ተሸክሜ፣ እርስዎ ከጎኔ ቆመው። ‹የገዛ እህትህና የሕዝብህ ሽማግሌዎች በዳይ አንተ መሆንህን አምነዋል፤ አንተ ምን ትላለህ?› አሉት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም አሉ።»

አላዘንኩላቸውም፤ ላዝን ብፈልግም የሚወጣልኝ አልነበረም።

«ስንት ዓመት ፈረዱበት?» አሉ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዕድሜያቸው ላይ እየደመሩ መሆናቸው ገባኝ። «እንግዲህ ሲመጣ እኔ የለሁማ» አሉ።

«የሉም። በሕይወት ከመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። እህቴ ሆነሽ ለምን ፈረድሽብኝ ይለኛል። ምን እንደምለው አሁን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ስንት ደም አስታርቀዋል፣ ለዚህ ቃል አያጡም።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ጠበቅኋቸው።